አባቴ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ዓመት

ባለፈው ሳምንት አልጋነሽን ጆሮዋን ላሳያት ሆስፒታል ይዣት ሄጄ ነበር። ይዣት ሄድኩ ማለት እንኳ ድፍረት ነው፤ እሷ የኔን ክንድ፣ እኔ የሷን ክንድ ይዘን፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ ሳይታወቅ ነው የደረስነው። እኔን ዓይኔ፣ እሷን ጆሮዋ ከድቷታል፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው እንወጣለን። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ «አልጋነሽ ካሳ!» አለች። ደግማ ጠራች። አልጋነሽ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እያየች ከረሜላዋን ትመጥጣለች። ነርሷ ወደሚቀጥለው ሰው ልታልፍ ስትል እኔ ሳላስበው እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ «አለች!» ብዬ ጮኽኩ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ነርሷም፣ «እማማ፣ ምነው፣ ትምህርት ቤት አስመሰሉት እኮ!» አለችኝ። እሷስ ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ያቺ ቃል ከአፌ ከወጣች በኋላ አልለቀቀችኝም። አልጋነሽን ሐኪሙ ዘንድ አስገብቼ ተመልሼ ተቀመጥኩና በሐሳቤ ወደዚያ ወደ ድሮው ክፍላችን ሄድኩ።

የጃንሆይ ጊዜ ጎንደር፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ፒያሳው ገና የሱ ሽታ ነበረበት። ጠዋት ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ትኩስ የፉርኖ ሽታ፣ ከወደ ማኪና መቆሚያው የሚመጣው የናፍጣ ጭስ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ የሚተነው የከሰል ካውያ እንፋሎት፣ ሁሉም ተደባልቆ ነበር የሚቀበለኝ። ቡና ቤቶቹ ራዲዮናቸውን ወደ ደጅ አዙረው ክላሪኔትና አኮርዲዮን ያለበት ዘፈን ያሰሙን ነበር፤ እኛ ተማሪዎቹ ገብተን መቀመጫ ስለሌለን ጫማ እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብለን ዘፈኑ እስኪያልቅ እንሰማለን። ጫማ ያልኩት ሸራ ጫማ ነው፤ እሱም ነጩ ለቅዳሜና እሑድ በኖራ እየተቀባ የሚደረግ። ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ ወረቀቱ በዘይት ርሶ ደብተር ላይ ካረፈ ግን ከመምህሩ ጋር ያጣላል። ከተሜዎቹ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን በእሳት በጋለ ማበጠሪያ አስተኝተው፣ ሰማያዊ ጉርድ በነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጃንተከል ዋርካ ሥር ሲያልፉ ሲታዩ፣ ኧረ ምኑ ቅጡ! እኔ ያንኑ ሰማያዊ ጉርድ ለብሼ፣ የተላጨ ራሴን በጥቁር ሻሽ አስሬ፣ ከኋላ ከኋላቸው እሄድ ነበር።

ራሴን የተላጨሁት በአባቴ ሐዘን ነው። እኛ የአምባ ጊዮርጊስ ሰዎች ነን፤ ዳገቱን ወጥቶ፣ ብርድ ማለት እሱ ነው። አባቴ በዚያ ክረምት፣ ስምንተኛን አልፌ ገና ደስታዬ ሳይወጣልኝ፣ ታሞ ሳይከርም ሞተ። ስሙ አለልኝ ነበር። አያቴ ልጅ እየሞተባት፣ እሱን ስትወልድ «ይኸስ አለልኝ» ብላ ያወጣችለት ስም ነው። ለኔም እንደዚያው ነበር፤ ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ሲባል «ፊደል ሸክም አይሆንባት፣ ትማር» ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ሲሞት ፍርዱ ወደ እናቴ ወንድም ወደ አያ ደርበው ዞረ። አያ ደርበው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚፈራው አንድ ነገር ነው፣ የሰው አፍ። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ስትለምነው፣ «እሺ፣ ትሂድ» አለ፤ «ዳሩ ግን ከተማ ያለ አባት የምትውል ልጅ ናት። ስሟ አንድ ቀን በክፉ ይነሣና፣ ያን ለት ይዣት እመለሳለሁ። የሚጠይቃትም ሰው አለ።» የሚጠይቅ ሰው አለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያሻም። ከአንድ ክፉ ወሬ በስተጀርባ ባል ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነው በትሬንታ ኳትሮ የጭነት ማኪና፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በሶዬንና ድርቆሼን ይዤ በወለቃ በኩል ቁልቁል ጎንደር የገባሁት። ቸቸላ ሰፈር ከአንዲት መበለት ጓዳ ተከራየሁ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከክፍሉ ሴቶቹ ጥቂቶች ነን፤ ከባላገር የመጣሁት ደግሞ ከሴቶቹ እኔ ብቻ። አፌን ስከፍት «ሸጋ» ይወጣኛል፤ ይሳቃል። ስለዚህ አፌን መዝጋት ተሻለኝ።

የክፍላችን ኃላፊ ሕንድ መምህር ነበሩ። በበጋም በክረምትም ጥቁር ዣንጥላ ስለማይለያቸው ዣንጥላ እንላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የክብር ስም መስሏቸው ፈገግ ይላሉ። መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ስም ሲጠሩ ዓይናቸውን ከመዝገቡ አያነሱም፣ ጆሯቸውን ብቻ ነው የሚያምኑት። በአገራቸው ሰው የሚከበረው በኋለኛው ስሙ ነው መሰለኝ፣ እኛንም በአባታችን ስም ይጠሩን ጀመር። «ሚስተር ሞላ!» «ፕሬዘንት ሰር!» «ሚስተር ወርቁ!» «ፕሬዘንት ሰር!» ልጁ ሁሉ በሳቅ ሞተ። ያን ዓመት የበጌምድር አባቶች በሙሉ በስተርጅና ዘጠነኛ ክፍል ገቡ። የአንዱ አባት የቤተ ክርስቲያን መርጌታ ናቸው፣ «ሚስተር መርጌታ» ተብለው ተመዘገቡ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ታዲያ፣

«ሚስ አለልን!» አሉ።

ጸሐፊው ስማችንን በእንግሊዝ ፊደል ሲገለብጥ ለ«ኝ» የሚሆን ፊደል አጥቶ ነው መሰል፣ በ«ን» አሳለፋት። ቢሆንም አባቴ መሆኑን አወቅሁት። በኛ አገር የሙት ስም ሲጠራ የሚባል ነገር አለ፣ ያለ እሱ አይታለፍም፤ እናቴ ሐምሌን ሙሉ ያስለመደችኝ እሱን ነው። አፌ ቀደመኝና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነፍሱን ይማረው» አልኩ።

መምህሩ አልሰሙኝም። ደግመው ጠሩ፣ እኔም ደግሜ ነፍሱን ይማረው አልኩ። እሳቸውም የቀሪ ጭረት አደረጉና አለፉ። በማግስቱም እንደዚያው። ዛሬ ላይ ሆኖ ምነው ፕሬዘንት ሰር ብትዪ ማለት ቀላል ነው፤ ልጆቼም እንደዚያ ይሉኛል። እኔ ግን ገና አፈሩ ያልደረቀ አባቴ ሲጠራ ተነሥቼ «አለሁ» ልበል? እሱ ከሌለ እኔ በሱ ስም እንዴት እኖራለሁ? እንባዬ ይመጣል፣ ሻሼን ወደ ግንባሬ ስቤ እቀመጣለሁ። ለመምህሩ ማስረዳትስ? የኔ እንግሊዝኛ ያን ጊዜ ይህ መጽሐፍ ነው፣ ያ ወንበር ነው ከሚለው አያልፍም። «ለሙት ስም አቤት አይባልም» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ዛሬም አላውቀው። በየቀኑ ከክፍሉ መካከል ተቀምጬ፣ በመዝገቡ ግን የለሁም። የሌለ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፣ አይመልስም፤ ትምህርቱ በጆሮዬ ገብቶ በጆሮዬ ይወጣ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እጄን ሳወጣ የምውል ልጅ፣ ደብተሬ ጥግ ላይ የአምባ ጊዮርጊስን ዛፍ ስስል እውል ጀመር።

አልጋነሽ አጠገቤ የምትቀመጥ የአዘዞ ልጅ ነበረች። አባቷ ሾፌር ናቸው፤ አፏም ከአባቷ ክላክስ አይተናነስም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እኔ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ተደብቄ ድርቆሼን ስበላ መጥታ ከፊቴ ተደቀነች።

«አንቺ ልጅ! ስምሽ ሲጠራ ለምንድን ነው ነፍስ ይማር የምትዪው? ለማነው?»

«ለአባቴ» አልኳት።

አልጋነሽ ዝም ስትል ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ዛሬ እንኳ ጆሮዋ ደንቁሮ አፏ አልደከመም። ከዚያ ያለ ግብዣ ቁጭ ብላ እጇን ወደ ድርቆሼ ሰደደች። «ወይ ጉድ! ይኸን የመሰለ ድርቆሽ ይዘሽ ነው ዛፍ ሥር የምትደበቂው? የኔ እናት በመጣ በሄደ መኮሮኒ ነው የምትቋጥርልኝ፣ ሆዴ ጎማ ሆኗል» ብላ የምሳ ቆርቆሮዋን ወደኔ ገፋችው። መኮሮኒ የቀመስኩት ያን ለት ነው። እውነቱን ለመናገር አልጣመኝም፤ ግን እንደሱ ያለ ምሳ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም። በማግስቱ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። «የትርንጎን ድርቆሽ ቅመሱ» እያለች፣ እኔን እንደ ዘመድ ታስተዋውቀኛለች። ያ የምደበቅበት ዛፍ በሳምንት ውስጥ የኛ ምሳ ቤት ሆነ።

ስሜን ግን እንዴት እናድርገው? አልጋነሽ መላ አለኝ አለች። ጠዋት «ሚስ አለልን!» ሲባል ድምፅዋን አቅጥና «ፕሬዘንት ሰር!» አለች። ዣንጥላ ዓይናቸውን አነሱ። ያን ክላክስ ማንም አቀጠነው ማን፣ ይታወቃል። «ሚስ ካሳ፣ ሁለት ሰው ሆነሻል?» አሉና ውጪ ፀሐይ ላይ አንበረከኳት። ጉልበቷን እያራገፈች ስትመለስ እንኳ «እንደ አዘዞ ፀሐይማ አይሆንም» ትላለች፣ የማታፍር! ያን ለት ከባሕር ዛፉ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። የክፍሉ አለቃ ፈንታሁን የሚባል የዳባት ልጅ ነበር፤ ነጠላውን አጣፍቶ ሙግት ካልተሟገተ የበላው የማይወርድለት። «ነገሩ ግልጥ ነው» አለ፤ «አንድ ሰው ከመሰከረ ማጭበርበር ይባላል። አገር ከመሰከረስ?»

«አገር ከመሰከረማ አለቀ» አለች አልጋነሽ። ከዚያ ወደኔ ዞረችና፣ «ስሚ፣ አለልኝ ያንቺ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ይኼ ሰውዬ የሚጠራው ግን አለልኝን አይደለም፤ አለልን ነው የሚለው። አለልን ደግሞ የሁላችን ነው። አቤት የምንለው እኛ ነን» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሐምሌን ሙሉ ያለቀስኩት ለሱ ነበር፤ ይኸኛው ለኔ ነው።

እኛ ይህን ስንመክር ግን ወሬው ቀድሞን ኖሯል። ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት የቀረ ተማሪ ቤተሰብ ይነገረው በሚለው ደንቡ፣ ቅዳሜ ገበያ በወጣ በአንድ የአምባ ጊዮርጊስ ነጋዴ አፍ መልእክት ልኮ ነበር። «የአለልኝ ልጅ ትምህርት ቤት አትገኝም» ተባለ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ልጃገረድ ናት፣ አባት የላትም፣ ከተማ ነው ያለችው፣ ትምህርት ቤት አትገኝም። ታዲያ የት ነው የምትውለው? ይህን ጥያቄ መንደሩ ለራሱ ጠይቆ ለራሱ መልሶታል። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ አያ ደርበው ያን ሲሰማ ዱላውን አነሣ።

ሰኞ ጠዋት ስም መጥራት እንደተጀመረ የክፍሉ በር ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ከረባታቸውን አሥረው ገቡ፤ ከኋላቸው ጋቢውን የደረበ፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ የለበሰ አያ ደርበው፣ ከነዱላው። «ከዓይናችን በላይ ምስክር የለም ብዬ ነው ያመጣኋቸው፤ ይቀጥሉ» አሏቸው ዳይሬክተሩ መምህሩን። ከፊቴ ያለው ልጅ ረጅም ስለነበር አያ ደርበው አላየኝም፤ ዓይኑ ከወንበር ወንበር ሲፈልግ አየዋለሁ። ዣንጥላም ጎንበስ ብለው ቀጠሉ። ሚስተር ሞላ፣ ሚስተር ወርቁ፣ ሚስ ካሳ። ከዚያ፣

«ሚስ አለልን!»

የአያ ደርበው ራስ ቀና አለ። የእህቱን ባል ስም ከሕንድ አፍ እሰማለሁ ብሎ የት አስቦት።

«አለች!»

ክፍሉ ሁሉ ነው። የፊቱም የኋላውም ወንበር፣ ወንዱም ሴቱም፣ የመስኮቱ መስተዋት እስኪንቀጠቀጥ። በመጀመሪያው ቀን በ«ሸጋ»ዬ የሳቁት ልጆች ናቸው። ዣንጥላ ብዕራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ዳይሬክተሩ «ምንድን ነው ይህ ሁከት?» ሲሉ ፈንታሁን ብድግ አለ፤ ነጠላ ባይኖረውም ያጣፋ ይመስል ነበር። «ጌታዬ፣ ሁከት አይደለም፣ ምስክርነት ነው። ይህች ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ከዚህ ወንበር ቀርታ አታውቅም። መሐላ ካስፈለገ ክፍሉ ይምላል» አለ። የቀረውን አልጋነሽ ጨረሰችው፤ የሟቹን ስም፣ ነፍስ ይማሩን፣ አንዱንም ሳታስቀር። ዳይሬክተሩ ለመምህሩ በእንግሊዝኛ አስረዷቸው። ዣንጥላ መነጽራቸውን አወለቁና ወንበሬ ድረስ መጡ። ያለ መነጽር ሲያዩን የመጀመሪያቸው ነው መሰለኝ። ባላቸው አማርኛ፣ «ነፍስ ይማር፣ አባት» አሉኝ። ማንም አልሳቀም።

አያ ደርበው ከበሩ አልተነቃነቀም። «ምን ብለው ነው የጠሩት?» አለ።

«አለልን ነው፣ አያ» አለችው አልጋነሽ።

«አለልን።» ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። «እናቱ ለራሷ ብቻ አለልኝ አለች። ይኸ ሁሉ የሰው ልጅ አለልን ካለውማ ሸጋ ነው። ኧረ ሸጋ ነው!» ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ቁጣውን የሚያሳርፍበት አጥቶ ወደኔ ዞረ፦ «አንቺስ? አገር አለች ሲልልሽ ምነው አንቺ አለሁ አትዪም?»

ተነሣሁ። «አለሁ፣ አያ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ ባል ያነሣብኝ የለም። አያ ደርበው ለመንገድ የያዘውን ዳቦ ቆሎ እረፍት ላይ ለክፍሉ ልጆች በትኖ፣ ዱላውን ረስቶ ሄደ፤ ፈንታሁን ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ዱላ ይዞ ሲሟገት ነበር። ዳይሬክተሩ ስሜን በመዝገቡ ላስተካክል ቢሉኝ «ይቅር» አልኳቸው። በማግስቱ «ሚስ አለልን!» ሲባል «ፕሬዘንት ሰር!» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልጋነሽ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ሳቀች። እጄም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንበር በላይ ወጣ፤ እንግሊዝኛውም፣ ሒሳቡም መጣ። ያው ዣንጥላ፣ ያው መጽሐፍ ነው። የተለወጠው ስጠራ የሚሰማኝ ሰው መኖሩ ብቻ ነው። እኔ ራሴ መምህርት ሆኜ እስከ ጡረታ ስኖር ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ትምህርት ያልገባው ልጅ ምሳውን ከማን ጋር ነው የሚበላው ብዬ ነበር። የልጄ ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ቀይራ፣ ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ እያለች ቤተሰቡን ስታስቸግር፣ እናቷ ሐኪም ቤት ላመላልሳት አለች። «ተዪ፣ አንዷን ልጅ ቤት ጠርተሽ ምሳ አብልተሽ ጓደኛ ፈልጊላት» አልኳት። ፀዳ አካባቢ የምትኖር የክፍሏ ልጅ ተገኘች፤ ራስ ምታቱም የት እንደገባ እንጃ።

እግዜር ይስጣቸው እላለሁ ሁሉንም። ዣንጥላን፣ ፈንታሁንን፣ ያን ለት ጉሮሮውን ሰጥቶ የጮኸልኝን፣ ስሙን እንኳ የዘነጋሁትን ልጅ ሁሉ። አያ ደርበውንም ነፍሱን ይማረው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ አልጋነሽ ከሐኪሙ ዘንድ ወጣች። «ምን አለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። «አልሰማሁትም» አለችና ከረሜላ አውጥታ አንዷን ለኔ ሰጠችኝ። ለኔም ለዓይኔ ካርድ አውጥተን ስለነበር አብረን ተቀመጥን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስሜን በኮምፒዩተሯ በእንግሊዝ ፊደል ነው የጻፈችው፤ እኔም ደብዛዛ ዓይኔ አላየልኝም፣ አላረምኩም። አሁንም ሐሳቤ እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ነርሷ በሩን ከፍታ፣ ካርዱን አስጠግታ አነበበች።

«ትርንጎ አለልን!»

ቃሉን ከትዝታዬ ይሁን ከደጅ የሰማሁት መለየት አቃተኝ። የራሷን ስም ሁለት ጊዜ ተጠርታ ያልሰማችው አልጋነሽ ግን ከረሜላዋን ወደ ጉንጯ አሻግራ፣ በትሯን ወለሉ ላይ መትታ፣ በዚያው በድሮው ክላክስ ጮኸች።

«አለች!»